በተውሶ ቃል የጥበብን ደጅ መጥናት

ወጣት አንባቢ ሆይ፤

ነጋዴ ከገበያ ወጥቶ የነቀዘ እህል ከደህናው ጋር ቀላቅሎ ቢሸጥ የሚጎዳው ገዢው ነው። ሰው በዳኛ ፊት ቀርቦ በሐሰት ቢመሰክር የሚጎዳው ባለጋራው ነው። ነገር ግን ፍልስፍናን እማራለሁ ብሎ በዩኒቨርሲቲ ደጅ የቆመ ሰው፥ «ለምን ልትማር መጣህ?» ተብሎ ሲጠየቅ፥ ሌላ የጻፈለትን መልስ የራሱ አስመስሎ ቢያቀርብ ማንን ይጎዳል? ብዙዎች «ማንንም አይጎዳም፤ ነገሩ ለወግ ያህል ነው» ይላሉ። እኔ ግን ሦስት ወገን ይጎዳል እላለሁ። አንደኛ ወንበሩን የወሰደበትን እውነተኛ አመልካች፥ ሁለተኛ አምኖ የተቀበለውን ቤት፥ ሦስተኛና ከሁሉም ይልቅ ራሱን ይጎዳል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ይህንን ለማስረዳት ነው፤ የምከራከረውም «ለወግ ያህል ነው» ከሚሉት ጋር ነው።

አስቀድመን የሚጠየቀው ነገር ምን እንደ ሆነ እንመልከት። በማስተርስ ደረጃ ፍልስፍና ለመማር የሚያመለክት ሰው በብዙ ወንፊት ያልፋል። የመጀመሪያ ዲግሪውን ማስረጃና የውጤቱን ዝርዝር ያቀርባል፤ በአገራችን ከሆነ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ይፈተናል፤ ብዙ ጊዜም ከሚያውቁት መምህራን የድጋፍ ደብዳቤ እንዲያመጣ ይታዘዛል። ከዚህ ሌላ፥ በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ አገር፥ ይህን ትምህርት ለምን እንደ ፈለገና ምን ሊመረምር እንዳሰበ በራሱ እጅ ጽፎ እንዲያቀርብ ይጠየቃል።

እንግዲህ ልብ በል። ውጤቱን የመዘገበው ሬጅስትራር ነው። የፈተናውን ጥያቄ ያወጣው ሌላ ነው። የድጋፉን ደብዳቤ የጻፈው መምህር ነው። አመልካቹ ራሱ አፉን ከፍቶ የሚናገርበት ቦታ አንድ ወይም ሁለት ገጽ ብቻ ነው። ያ ገጽ ከተሰረቀ በማኅደሩ ውስጥ ሰውዬው ከቶ የለም ማለት ነው። ወረቀቱ ሁሉ ስለ እርሱ ይናገራል፤ እርሱ ግን ዝም ብሎአል።

ይህም ገጽ ዛሬ እንደ ሽንኩርት ይሸጣል። በዩኒቨርሲቲ በሮች አካባቢ ያሉትን የፎቶ ኮፒና የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤቶች ተመልከት። በመብራት ምሰሶው ላይ «ሪሰርች እናማክራለን» የሚል ወረቀት ከስልክ ቁጥር ጋር ተለጥፎ ታያለህ። በዚህ ቋንቋ ማማከር ማለት ብዙ ጊዜ ጽፎ መስጠት ማለት እንደ ሆነ ተማሪው ያውቃል። ቻትጂፒቲ የተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ ደግሞ ገንዘብ ማውጣትም እየቀረ ነው። አንድ መስመር ትእዛዝ ከሰጡት፥ ቡና ተፈልቶ አቦሉ ሳይቀዳ ገጹ ሞልቶ ይወጣል።

የሚወጣውስ ምን ይመስላል? «ከልጅነቴ ጀምሮ ለፍልስፍና ጥልቅ ፍቅር ነበረኝ» ብሎ ይጀምራል፤ «አገሬንና ዓለምን ለማገልገል» ብሎ ይጨርሳል። በመካከሉ ሦስት የፈላስፋ ስም ይጠራል። አሥር ሰው ቢያቀርበው የአሥሩም ሊሆን ይችላል። የአሥር ሰው ሊሆን የሚችል ቃል ደግሞ የማንም አይደለም።

«ይህ ነውር በሌላውም ትምህርት ሁሉ አለ፤ ስለምን ፍልስፍናን ብቻ ነጥለህ ትናገራለህ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር እንዲህ ብዬ እመልሳለሁ። የሒሳብ አያያዝ ለመማር በተገዛ ደብዳቤ የገባ ሰው በእርግጥ አጥፍቶአል፤ ይሁን እንጂ ከገባ በኋላ ተግቶ ቢማር ገቢና ወጪን ማመዛዘን ይችላል። የመግቢያው ሐሰትና የትምህርቱ እውቀት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፍልስፍና ግን ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ቃል ሆኖ ትርጓሜው ጥበብን መውደድ ነው። ትምህርቱ ራሱ «ይህን የምትለው ለምንድን ነው? በእርግጥ ታምንበታለህን? ማስረጃህስ?» ብሎ መጠየቅ ነው። «ለምን መጣህ?» የሚለው የማመልከቻ ጥያቄ እንግዲህ የትምህርቱ የመጀመሪያ ምዕራፍ እንጂ የበር ጠባቂ ጥያቄ አይደለም። ያንን ምዕራፍ በሌላ ሰው ያስጠና ሁለተኛውን በምን ኃይል ያጠናዋል? ወዳጁን በአማላጅ አፍ አወድሶ በገዛ አፉ ግን አንዲት ቃል መናገር የተሳነውን ሰው፥ «ይህስ በእውነት ይወዳታልን?» ብለን አንጠረጥረውምን?

ስለ ሶቅራጥስ የሚተረከውን አስታውስ። በ399 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት በአቴና ከተማ ተከሶ ሸንጎ ፊት ሊቀርብ ሲል ዕድሜው ሰባ ዓመት ያህል ነበረ። በዚያን ዘመን ለባለጉዳዮች የፍርድ ቤት ንግግር በገንዘብ ጽፈው የሚሰጡ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም ስመ ጥሩው ሊስያስ ነበረ። የፈላስፎችን ታሪክ የጻፈው ዲዮጌኔስ ላኤርትዮስ እንደሚተርከው፥ ሊስያስ ለሶቅራጥስ የመከላከያ ንግግር ጽፎ አመጣለት። ሶቅራጥስም አነበበውና ንግግሩ ያማረ መሆኑን መስክሮ፥ ነገር ግን ለእኔ የሚስማማ አይደለም ብሎ መለሰው። በገዛ ቃሉ ተናገረ፤ ተፈረደበትም፤ መርዙንም ጠጣ።

ወዳጄ ሆይ፥ ያ ሽማግሌ በሞት ደጅ ቆሞ እምቢ ያለውን ነገር፥ አንተ በአንድ ወንበር ደጅ ቆመህ ትቀበለዋለህን? ከተቀበልክስ በኋላ የእርሱ ተማሪ ነኝ ብለህ በክፍል ውስጥ ስሙን ስትጠራ ምላስህ አይተሳሰርምን?

ነገሩ የግሪኮች ብቻ እንዳይመስልህ። እኔ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ፤ ቅኔ ቤት አልዋልኩም፤ ዳሩ ግን የቅኔ ቤትን ሥርዓት አከብራለሁ። የቅኔ ተማሪ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ በደረጃ ይወጣል። በየደረጃው ለብቻው ቆዝሞ የቆጠረውን ቅኔ ይዞ በመምህሩ ፊት ይቆማል፤ መምህሩም ይሰማል፥ ያርማል፥ ያፈርሳል፥ እንደ ገና ሠርተህ ና ይላል። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ ተደግሞ ቢቀርብ ነውር ነው፤ የሌላው ሰው ቅኔ የራስ ተደርጎ ቢቀርብማ ስርቆት ነው። ተማሪው ቁራሽ እየለመነ፥ ደበሎ ለብሶ፥ ከውሻ ጋር እየታገለ የሚማር ድሃ ነው። እንጀራውን ይለምናል፤ ቃሉን ግን አይለምንም። በደበሎ ዘመን ያልተደፈረውን ሥርዓት በኮምፒዩተር ዘመን ብንደፍረው እድገት ነው ልንለው አይቻልም።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። ከእነዚህ የተገዙ ጽሑፎች ብዙዎቹ የዘርዓ ያዕቆብን ስም ይጠራሉ፤ «የአገሬን ፈላስፋ አጠናለሁ» ይላሉ። መልካም አሳብ ነው። ነገር ግን ስለ ዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በላይ የተከራከሩበት ዋናው ጥያቄ ምን እንደ ሆነ ታውቃለህን? «ይህን መጽሐፍ በእርግጥ የጻፈው ማን ነው?» የሚል ነው። ሐተታውን ወደ አውሮፓ የላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ኢጣሊያዊ የካፑቺን ሚሲዮናዊ ነበረ፤ የላከውም በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ለፈረንሳዊው ሊቅ ለአንቷን ዳባዲ ነው። በ1904 እ.ኤ.አ. ኤኖ ሊትማን አሳተመው። በ1920 እ.ኤ.አ. ግን ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ተነሥቶ «ጸሐፊው ኢትዮጵያዊው ዘርዓ ያዕቆብ ሳይሆን ራሱ ሚሲዮናዊው ነው» ሲል ጻፈ። ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲስ አበባ ፍልስፍና ያስተማረው ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ክሎድ ሰምነር ደግሞ ብዙ ዓመት ደክሞ፥ ብዙ ገጽም ጽፎ መጽሐፉ የኢትዮጵያዊው ነው ሲል ተሟገተ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

ሊቃውንቱ ይህን ያህል የደከሙት ስለምንድን ነው? ቃሉ የማን እንደ ሆነ ማወቅ ለእውነት ስለሚጠቅም ነው። «ሁሉን በገዛ አእምሮዬ መረመርኩ» የሚል መጽሐፍ ሌላ ሰው የጻፈው ከሆነ ነገሩ ሁሉ ይለወጣልና። እንግዲህ ስለዚህ መጽሐፍ እመራመራለሁ የሚለው ወጣት፥ የገዛ ማመልከቻው ጸሐፊ ማን እንደ ሆነ የሚያጠራጥር ሲሆን፥ ለዚህ ምን ስም ይወጣለታል? በሐተታው ላይ ሊቃውንት ይከራከሩ፤ በአንተ ማመልከቻ ላይ ግን ክርክር ሊኖር አይገባም ነበር።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቼ ልመለስ፤ ክርክራቸውን ሳልሰማ ብፈርድ እኔም ፍትሕን አጓደልኩ ማለት ነውና።

አንደኛው ወገን «ቋንቋው የእኛ አይደለም» ይላል። «በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ አስባለሁ፤ የምጠየቀው ግን በእንግሊዝኛ ነው። የሚመዘነው አሳቤ ሳይሆን እንግሊዝኛዬ ስለ ሆነ የሰው እርዳታ ያሻኛል» ይላል። ይህ ከሁሉም የሚከብደው ክርክር ነው፤ እውነትም አለበት። ሕዝብ በማያስብበት ቋንቋ ልጆቹን ስለ ጥበብ መጠየቁ ራሱን የቻለ ችግር ነው፤ ስለዚህም አንድ ቀን መምከር ይገባል። ነገር ግን ልዩነቱን እንመልከት። አሳቡ የአንተ ሆኖ ሰዋስውህን ሰው ቢያርምልህ፥ ልብስህን ልብስ ሰፊ እንዳስተካከለልህ ነው። አሳቡም ቃሉም የሌላ ሰው ከሆነ ግን የሌላ ሰው ልብስ ለብሰህ የሌላ ሰው ስም ጠርተህ ገባህ። ያዕቆብ እጁን በጠቦት ቆዳ ሸፍኖ ወደ ዕውሩ አባቱ ዘንድ የገባበትን ታሪክ የሚያነብ ሁሉ ያውቃል፤ በረከቱን አገኘ፥ ዳሩ ግን ከአባቱ ቤት ተሰድዶ በአጎቱ ደጅ ሲያገለግል ኖረ፤ እርሱ እንዳታለለ እርሱንም በሚስት አታለሉት። የተሰበረ እንግሊዝኛ ይታረማል፤ የተሰበረ እምነት ግን እንዲህ በቀላሉ አይጠገንም።

ሁለተኛው ወገን «መሣሪያው እንደ መዝገበ ቃላት ነው፤ እንደ መነጽር ነው» ይላል። መነጽር ያለውን ነገር አጉልቶ ያሳይሃል እንጂ በአንተ ፈንታ አያይልህም። መዝገበ ቃላትም የፈለግኸውን ቃል ይሰጥሃል እንጂ ምን መፈለግ እንዳለብህ አይነግርህም። መሣሪያውን ጠይቀህ የማታውቀውን መጽሐፍ ቢጠቁምህ፥ መጽሐፉንም ፈልገህ ብታነብ አልነቅፍህም። «እኔ የምፈልገውን ንገረኝ» ብለህ ብትጠይቀው ግን ባሪያህን ጌታ አደረግኸው።

ሦስተኛው ወገን «ሁሉም ያደርገዋል፤ እኔ ብቻ ብታቀብ ወንበሩን አጣለሁ» ይላል። እኔ ደግሞ ወንበሩን በእርግጥ የሚያጣው ማን እንደ ሆነ ልንገርህ። ከሩቅ ወረዳ መጥቶ፥ መብራት በሌለበት ቤት በኩራዝ አጥንቶ፥ ጥያቄውን በገዛ እጁ በሻካራ ቋንቋ የጻፈ አንድ ልጅ አለ። የእርሱ ማመልከቻ ከአንተ ከተሸለመው ማመልከቻ አጠገብ ሲቀመጥ ያደፈ ይመስላል። ከመረጡህ የጣሉት እርሱን ነው። አንተ አላየኸውም፥ ስሙንም አታውቅም፤ ስለዚህ ማንንም አልጎዳሁም ትላለህ። ሌሊት የሰረቀ ሌባም ባለቤቱን አላየውም።

የዚህ ዓይነቱ ስርቆት ወዴት እንደሚያደርስ ደግሞ አገራችን አይታዋለች። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እንዳይሰረቅ ተብሎ ተማሪዎቹ ከየትምህርት ቤታቸው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተወስደው ተፈተኑ። ውጤቱ ሲገለጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ ሆኑ። ለዚህ ብዙ ምክንያት አለው፤ የመምህራን እጥረት፥ ጦርነት፥ ድህነት ሁሉ አለበት። ይሁን እንጂ ከምክንያቶቹ አንዱ በተውሶ መልስ መኖርን መልመዳችን እንደ ሆነ የሚክድ መምህር አላገኘሁም። ለፈተናው ዘበኛ ቆመለት፤ ለዚያች አንዲት የማመልከቻ ገጽ ግን ሊቆምላት የሚችል ዘበኛ የለም። ዘበኛዋ ኅሊናህ ብቻ ነው።

ወቀሳዬ በወጣቱ ላይ ብቻ እንዳይሆን ስለ እኛ ስለ መምህራንም መናገር አለብኝ። አንድ ጊዜ የማውቀው የጎረቤት ልጅ የድጋፍ ደብዳቤ ተጽፎ ያለቀ ይዞልኝ መጣ። «ጋሼ፥ እርስዎን እንዳላደክምዎ ብዬ ነው፤ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው» አለኝ። ደብዳቤው ልጁ በክፍሌ ውስጥ በክርክር ችሎታው አንደኛ እንደ ነበረ ይመሰክራል። እኔ ግን ያን ልጅ አንድ ቀን እንኳ አላስተማርኩትም። «አንተ ልጅ፥ ያላየሁትን እንድመሰክር ትፈልጋለህን? ቁጭ በልና ስለ አንድ መጽሐፍ እንነጋገር፤ ያየሁትን ያን ጊዜ እጽፍልሃለሁ» አልኩት። አልተቀመጠም። እናቱም እስከ ዛሬ በመንገድ ስታገኘኝ ሰላምታዋን ታሳጥራለች። ያዝናል፥ ይከብዳል፤ ሆኖም ፊርማዬን ለሁሉ ብሰጥ ኖሮ በእውነት ለሚገባው ልጅ የምሰጠው ምን ይቀርልኝ ነበር? ሳያነብ የሚፈርም መምህር ደብዳቤ የሚሸጠውን ልጅ ሊነቅፍ አይችልም። ልጁ የሚሸጠው ወረቀት ነው፤ መምህሩ ግን ስሙን ሸጦአል።

አሁን ደግሞ ነገሩ ከየት እንደሚመነጭ ልናገር። እኔ እንደማየው ወጣቱ ቃል የሚዋሰው ሁልጊዜ ከስንፍና የተነሣ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በገዛ ምክንያቱ ስለሚያፍር ነው። ዘመድ «ፍልስፍና እንጀራ ይሆናልን? ሕግ ወይም ሒሳብ አያያዝ አትማርም?» ይለዋል። ጓደኛው ያበደ ይመስለዋል። ስለዚህ እውነተኛ ምክንያቱን ይደብቅና ትልቅ የሚመስል ምክንያት ይገዛል። እውነተኛው ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ ከተገዛው ይበልጣል። አንዱ ልጅ ታላቅ ወንድሙ በጦርነት ሞቶ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ሳለ፥ የአጽናኞቹ ቃል ሁሉ አላጽናናው ብሎ «ክፋት ስለምን ሆነ?» ብሎ ጠየቀ። ሌላዋ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ስትሠራ፥ ሕጉን የጠበቀ ውሳኔ ድሃይቱን ሲበድል አይታ «ሕግና ፍትሕ አንድ ናቸውን?» አለች። ሦስተኛው የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው፤ ልጆች አሉት፤ የደመወዝ እድገት ይፈልጋል፤ ከዚያም ጋር የሥነ ምግባር ትምህርት ሲያስተምር ተማሪዎቹ የጠየቁትን መመለስ አቅቶታል። ሦስቱም ይህንን እንዳለ ቢጽፉት ማናቸውም ሊያፍሩ አይገባም። ደመወዝ መፈለግም ነውር አይደለም፤ ደመወዝ ፈልጎ «ዓለምን ላድን ነው» ማለት ግን ነውር ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። አስቀድመህ በምታስብበት ቋንቋ፥ በእጅህ፥ በደብተር ላይ ጻፍ። እንቅልፍ የነሳህ ጥያቄ ምን እንደ ሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገር። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነበብከውን አንድ መጽሐፍ ጥቀስ፤ ያላነበብከውን አትጥራ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የማትስማማበትን አንድ ነገር ግለጽና ለምን እንደማትስማማ አስረዳ። የማታውቀውን አላውቅም በል፤ ልትማር መጣህ እንጂ ልታስተምር አልመጣህምና። ከዚያ በኋላ ወደ እንግሊዝኛ መልሰው፤ ሰዋስውህን የሚያርምልህ ሰው ፈልግ፤ አሳብህን ግን እንዲነካ አትፍቀድለት። በመጨረሻም ወረቀቱን ገልብጠህ ለእናትህ ወይም ለታናሽ ወንድምህ በቃልህ አስረዳ። በቃልህ ልትናገረው ካልቻልክ ገና የአንተ አልሆነም።

እንዲህ አድርገህ ብትወድቅስ? ልትወድቅ ትችላለህ፤ ዓለም እውነተኛውን ሁልጊዜ በመጀመሪያው ዓመት አትቀበለውም። ነገር ግን የወደቅኸው አንተ ነህ፤ ምን እንደ ጎደለህም ታውቃለህ፤ በሚመጣው ዓመት አርመህ ትመለሳለህ። በተውሶ ቃል የወደቀ ግን ምን እንደ ጎደለው አያውቅም። በተውሶ ቃል ያለፈውማ የባሰ ነው። ሁለት ዓመት በሴሚናር ክፍል «አንተስ ምን ትላለህ?» በተባለ ቁጥር ይደነግጣል፤ መመረቂያ ጽሑፉንም ከዚያው ሱቅ ይገዛል፤ ዲግሪ ጭኖም ወጥቶ የሌሎችን ልጆች ሊያስተምር ይቆማል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉት አበው ይህን አይተው ነው።

ልጄ ሆይ፥ ጥበብ ደጅ ታስጠናለች እንጂ ጉቦ አትቀበልም። ቃልህ ሻካራም ቢሆን፥ አጭርም ቢሆን፥ የራስህን ይዘህ ሂድ።